ለክረምቱ ብቻ

«ለክረምቱ ብቻ ነው የምንፈልገው። እስከ ሴፕቴምበር አልጋ ይለቀቃል ብለውናል፤ ያኔ መልሰን እንሸጠዋለን።»

መክብብ ይህን ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስልኩን ከቶስተሩ ጎን አስደግፎ፣ መጥበሻ ላይ እንቁላል እየሰበረ። እናቱ እትዬ ዓለምጸሐይ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። በዚህ ቤት እንግሊዝኛ እንደ መጋረጃ ነው የሚያገለግለው፤ እናት እንዳትሰማው የተፈለገ ነገር ሁሉ ከጀርባው ይወራል። ከስልኩ ውስጥ እህቱ ራሄል፣ ከምትኖርበት ሰፈር ከትሩጋኒና ሆና፣ «ለእሷስ መቼ ነው የምንነግራት?» ስትል ተሰማች። «መጀመሪያ መኪናውን እንግዛ፤ ሌላው ይደርሳል» አለና እንቁላሉን ገለበጠው። ከዚያ ዞር ብሎ፣ በአማርኛ፣ «እማዬ፣ ስኳር ልጨምርልሽ?» አላቸው።

እትዬ ዓለምጸሐይ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይጨመርላቸውም። «አልጋ» የምትለው ቃል አፋቸውን አምርራዋለች፤ ይህን ደግሞ ስኳር አያጣፍጠውም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ማእድ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። ካሮት ቀቅለው ፈጭተዋል፣ ጥርስ ለሌለው ሾርባ አቅጥነዋል፣ ልጆቻቸው እሑድ ሊመጡ ነው ተብለው ከጠዋት ጀምሮ ለባብሰው መስኮት ሥር ለሚቀመጡ ሽማግሌዎች ሻይ አመላልሰዋል። አልጋ እንዴት እንደሚለቀቅ እሳቸው ያውቃሉ። አልጋ በራሱ አይለቀቅም። ጠዋት የቁርሱ ሰሌዳ ላይ አንድ ስም ተሰርዞ ይገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ፍራሹ ይወለወላል፣ በሳምንቱ ሌላ ስም ይጻፋል። አሁን እዚያ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ስም የማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

ታዲያ እኚህን የመሰሉ ሴት እንግሊዝኛ መስማታቸውን ልጆቻቸው እንዴት አጡት ይባል ይሆናል። ነገሩ አጭር ነው። ከናይሮቢ ወደዚህ አገር በመጡ በሦስተኛው ዓመት ራሄል ትማርበት በነበረው ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ፤ እትዬ ዓለምጸሐይ ከአስተማሪዋ ፊት ቆመው ባላቸው እንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ሳቁ። ራሄል ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነች። ሲወጡ እጃቸውን ሳትይዝ ቀድማ እየሄደች «እማዬ፣ ሁለተኛ እንዳትናገሪ፤ እኔ እተረጉምልሻለሁ» አለቻቸው። ልጅ አዘዘች፣ እናት ታዘዙ። ሥራ ቦታ ከአንዲት ቬትናማዊት ሠራተኛ ጋር በእንግሊዝኛ ሲሳሳቁ ይውላሉ፤ ቤት ሲገቡ ምላሳቸውን ከጫማቸው ጋር በር ላይ ያወልቃሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ስንት ዓመት አለፈ።

የመኪናው ነገር የመጣው ከፋሲካ ወዲህ ነው። መክብብ አንዲት ቀይ ስፖርት መኪና አለችው፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር የማትርቅ፣ ስትነሳ የሰፈራቸውን የክሬጊበርንን ውሻ ሁሉ የምታስጮህ። የገዛት ትዳሩ በፈረሰ በዓመቱ ነው። ሌላው ሰው ሐዘኑን በመጠጥ ያወርዳል፣ እሱ በቤንዚን። እናቱ አልተቃወሙትም። እንዲያውም በዚያ ቀን ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ መጣና ጎንበስ ብሎ መዳፋቸው ላይ አኖረው፤ በእነሱ ቤት መኪና ሲገዛ ቁልፉ መጀመሪያ የሚያርፈው እናት እጅ ላይ ነው፣ ሳይመረቅ አይነዳም። «ከቤት ወስዳ ወደ ቤት የምትመልስ ያድርጋት» አሉ። ሦስት ጊዜ አሜን አለ፣ ያውም ጮክ ብሎ። እትዬ ዓለምጸሐይ በዚህ ቀልድ አያውቁም። አሜን ያልተባለበት ምርቃት በወንፊት እንደተቀዳ ውሃ ነው ይላሉ፤ መራቂው ይደክማል እንጂ ተመራቂው ዘንድ አይደርስም።

ቀይዋም እንደ ምርቃቱ ስድስት ዓመት ወሰደች፣ መለሰች። ዘንድሮ በፋሲካ ሰሞን ግን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከእሷ ሲወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን የፊዚዮ ሕክምና አለባቸው፣ ያለ ባለ አራት ጎማው ዎከር አይራመዱም፣ ዎከሩ ደግሞ ቀይዋ የዕቃ መጫኛ ውስጥ አይገባም። እሷ ላይ መቀመጥ መውደቅ ነው፣ መነሳት መጎተት። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ በጎን መምጣት ሲጀምር ልጆቹ መከሩና «ቀይዋ ለበጋ ትቀመጥ፣ ለክረምቱ እማዬን የሚችል ሌላ መኪና ይገዛ» አሉ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሴቶቹ ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ!» አሉ። እትዬ ዓለምጸሐይም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ኩራታቸውን ለመደበቅ መሬት መሬት እያዩ፣ «አሜን» ሲሉ ሰነበቱ።

መክብብ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ይህ ይታወቅለት። ካልሲያቸውን የሚያጠልቅላቸው፣ ፀጉራቸውን የሚያጥብላቸው እሱ ነው። ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሥራ ከመሄዱ በፊት ምሳቸውን በሳህን አድርጎ፣ ክዳን ገጥሞ፣ ማይክሮዌቩ ላይ የሚጫኑትን ቁልፍ በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጎላቸዋል። ነገሩን የከፋ ያደረገባቸውም ይኸው ነበር። ክፉ ቢሆንማ እርግማን አያንስም ነበር፤ የደከመ ልጅ ግን ምን ይባላል?

አራት ሰዓት ላይ ወጡ። መክብብ በብብታቸው ገብቶ ቀይዋ ውስጥ አስቀመጣቸው፣ ዎከሩን አጣጥፎ ከኋላቸው እንደ ምንም ወተፈው፤ አንዱ ጎማ ትከሻቸውን ይነካል። ራሄል ከትሩጋኒና በቀጥታ መኪና መሸጫው ድረስ ልትመጣ ነው። መንገዱ ላይ ካፊያ ነበር። የፊት መስታወቱ በትንፋሻቸው ደመነ፣ መክብብ በእጁ ጀርባ ጠረገው። እትዬ ዓለምጸሐይ ጭናቸው ላይ የተቀመጠውን ቦርሳ በሁለት እጅ ይዘው ልጃቸው በአማርኛ እስኪነግራቸው ይጠብቃሉ። በገዛ አፉ፣ በገዛ ቋንቋቸው ቢነግራቸው ግማሹን ይቅር ሊሉት ተዘጋጅተዋል። ሊጠይቁት አይደፍሩም፤ ከጠየቁና አዎ ካለ አለቀ፣ ካልጠየቁ ግን ገና ነው። በዙሪያ በዙሪያው ሞከሩት።

«ይሄ ክረምት መቼ ነው የሚወጣው?»

«ገና ነው እማዬ። መስከረም ድረስ አለ።»

«ከመስከረም በኋላስ? መኪናው ምን ይሠራል?»

መክብብ የማሞቂያውን ቁልፍ ወደ ቀኝ አዞረው። «በርዶሻል እንዴ?» አላቸው። አልበረዳቸውም ነበር። «ትንሽ» አሉ።

መሸጫው ከክሬጊበርን ወደ ከተማ በሚወስደው ትልቅ መንገድ ዳር ነው፤ ትናንሽ ባንዲራዎቹ ረጥበው ከገመዱ ጋር ተጣብቀዋል። ራሄል ጃንጥላ ይዛ ቀድማቸው ቆማለች። ስልኳ ላይ ዝርዝር ጽፋለች፦ የወንበሩ ከፍታ፣ የኋላው ስፋት፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ፣ ሬጎው፣ ማለት የመኪናው ምዝገባ፣ እስከ መቼ እንደተከፈለ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ የመኪና ድምፅ ይወዳል፣ አንዷ ዝርዝር ትወዳለች። ሻጩ ቶኒ የሚባል ስልሳ ዓመት ያለፈው ሊባኖሳዊ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሥር የወርቅ መስቀል ይታያል። እትዬ ዓለምጸሐይን ሲያይ ባርኔጣውን አነሳና «እንኳን ደህና መጣሽ ማማ» አለ፤ እሳቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑት፣ ቃል አላወጡም።

ጫማ ሲገዛ እግር ይለካል፤ መኪናው ሲገዛ የተለካው የእሳቸው ገላ ነው። መጀመሪያ አንዲት ብርማ መኪና ውስጥ አስቀመጧቸው። አሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ነች፤ ዝቅ ያለች ነበረችና ሲነሱ ሁለት ሰው ጎተታቸው። ቀጥሎ መክብብ ዓይኑ ወደ አንድ ጥቁር፣ ጎማው ደረት የሚደርስ መኪና ሄደ። ሃያ ሰባት ሺህ። «እስኪ ይሄንን» አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ ሲፈታ ያኔ ገና ነው። ራሄል ቀና ብላ መኪናውን፣ ዝቅ ብላ የእናቷን ጉልበት አየችና «በመሰላል ልትሰቅላት ነው?» አለችው። ሦስተኛዋ ነጭ ነበረች። አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ የዳቦ ሣጥን የምትመስል፣ አሥራ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ ሬጎዋ እስከ ታኅሣሥ። መክብብ ዙሪያዋን ዞረና «ይህችን እየነዳሁ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ...» ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

እትዬ ዓለምጸሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው ነጯ ላይ አረፍ አሉ። ወንበሩ ልክ ዳሌያቸው ጋ ነበር፤ መውደቅ የለ፣ መውጣት የለ። እግራቸውን አንድ በአንድ አስገቡ፣ ማንም አላገዛቸውም። ዎከሩ ሳይታጠፍ ከኋላ ገባ። ቶኒ አንድ ነገር ሲነካ ወንበሩ ከሥር ቀስ ብሎ ሞቀ። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ሳያማቸው ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበርና ሳያስቡት ደስ አላቸው። በዚህች መኪና ቅዳሜ ገበያ ታያቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ታያቸው፣ ኬንሲንግተን ሰፈር ፎቅ ላይ የምትኖረው ታማሚ ጓደኛቸው ታየቻቸው። ከዚያ «ለክረምቱ ብቻ» የሚለው መጣና ደስታቸው አናደዳቸው።

በሩ ክፍት ነው። ሦስቱ ከበላያቸው ቆመው በእንግሊዝኛ ያወራሉ።

«ይህችን ብትወስዱ አሥር ዓመት ያለ ሐሳብ ታገለግላችኋለች» አለ ቶኒ።

መክብብ ሳቅ አለ። «አሥር ዓመት አያስፈልገንም።»

«ዋናው ስንሸጣት ዋጋዋ እንዳይወድቅብን ነው» አለች ራሄል ዝርዝሯን እያየች።

እዚህ ላይ የእትዬ ዓለምጸሐይ ትዕግሥት አለቀ። ቁጣቸው ከባድ አልነበረም፤ ይልቁንም ቀለል አላቸው፣ ልክ ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀና አሉና፣ ለአሥራ አራት ዓመት «ሾርባው ትኩስ ነው፣ ተጠንቀቁ» ባሉበት እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ ጥርት አድርገው ተናገሩ።

«ቶኒ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሴፕቴምበር ላይ ቶሎ የሚሸጠው የትኛው ነው?»

«ነጯ ናት ማማ» አለ ቶኒ በደስታ፤ ምን ያውቃል። «ነጭ መኪና አያድርም።»

«እንግዲያው ነጯን ውሰዱ» አሉ ለልጆቻቸው፣ በአማርኛ።

የራሄል ጃንጥላ ወደ ጎን ዘመመ፤ ዝናቡ በስልኳ መስታወት ላይ ይንጠባጠባል፣ አልጠረገችውም። መክብብ እናቱን አየ፣ ከዚያ ቀይዋን አየ፣ ከዚያ የሚያየው ጠፋው። ስንት ዓመት ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ የተባለው ሁሉ፣ ፍቺው፣ ስለ እናቱ የተቀለደው፣ የዛሬ ጠዋቱ፣ አንድ ባንድ እየመጣበት እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ለቶኒ «እንወስዳታለን» አለውና ቀድሞ ወደ ቢሮው ገባ።

ቢሮዋ ጠባብ ነች፤ እርጥብ ምንጣፍ ትሸታለች። አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጥግ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ሰኔ ላይ ቀርቷል፣ ማንም አልገለጠውም። መክብብ ጀርባውን ሰጥቷቸው ይፈርማል። ራሄል ከእናቷ ጎን የፕላስቲክ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መቼ ነው እንግሊዝኛ የቻልሽው?» አለች።

«አንቺ አትናገሪ ካልሽኝ ጀምሮ።»

ራሄል ግንባሯን ቋጠረች። አላስታወሰችውም። እትዬ ዓለምጸሐይ ይህን ሲያዩ ከጠዋቱ ይልቅ ይኼ ወጋቸው፤ የሃያ ስንት ዓመት ዝምታቸውን ያዘዘችው ልጅ ማዘዟን እንኳ አታውቅም።

«እሱ ላይ አትፍረጂ» አለች ራሄል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሽፍት እየዘለለ ነው አንቺን ሐኪም ቤት የሚያደርስሽ። ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውታል። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቤቴ ደረጃ ነው፣ በየት ትወጪዋለሽ?»

«ይህን ለእኔ መንገር አቅቷችሁ ነው?»

«አንድ ቀን ልነግርሽ መጥቼ ነበር፣ ሙዝ ይዤልሽ የመጣሁ ቀን። በአማርኛ አፌ እምቢ አለኝ።»

«አፍሽ ልክ ነበር» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ። «እኔ እዚያ አልሄድም አላልኩም። ብትነግሩኝ ምናልባት እሺ እል ነበር፣ አላውቅም። አውቄው ብሄድ መሄድ ነው፤ ሳትነግሩኝ ከሆነ ግን መወሰድ ነው። ሲወሰዱ አይቻለሁ። ለምሳ ነው እየተባሉ ይመጣሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ማታ ድረስ በር በር ሲያዩ ሾርባቸው ይበርዳል፤ ያንን ሾርባ መልሼ የማሞቀው እኔ ነበርኩ።»

ራሄል አለቀሰች። የመክብብ እስክሪብቶ ቆመ፤ ጀርባው ሁሉን ሰምቷል። ከዚያ እንደገና መፈረም ጀመረ።

ሲወጡ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ቶኒ ነጯን ከበሩ ፊት አምጥቶ አቁሟታል፤ ቀይዋ ከጎኗ ዝቅ ብላ ቆማለች። ቁልፉን ለመክብብ ሰጠው። መክብብ ቁልፉን ይዞ ቆመ፣ እንደ መሄድ አለና ተመለሰ። ልማድ ነው መሰል እጁን ያዘዘው፤ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝናብ በጆሮው ጀርባ እየወረደ፣ ጎንበስ አለና እናቱ መዳፍ ላይ አኖረው። ዓይናቸውን አላየም። ራሄልም ቀረብ ብላ ራሷን ደፋች።

እትዬ ዓለምጸሐይ በአንድ እጃቸው ዎከሩን ተደግፈዋል፣ በሌላው ቁልፉን ይዘዋል። ልጃቸው እንዲህ ሲያጎነብስ አናቱ ላይ ፀጉሩ እንደሳሳ አዩ። አሳዘናቸው። ቢሆንም ምርቃቱን አልቀየሩትም፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ያሉትን፣ ያንኑ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሉ።

«ከቤት ወስዳ ወደ ቤት የምትመልስ ያድርጋት።»

ጠበቁ። ውሃው ከነጯ ጣሪያ ላይ ይንጠባጠባል፣ በትልቁ መንገድ የጭነት መኪኖች ያልፋሉ። የመክብብ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ራሄል አፏን በእጇ ያዘች። ሁለቱም አሜን ቢሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ፣ ባይሉም ምን ማለታቸው እንደሆነ ያውቃሉ።

በሩ ላይ ቆሞ ሲያያቸው የነበረው ቶኒ ጸሎት መሆኑን ከአቋቋማቸው ገባው። ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ላይ አማተበና «አሜን» አለ።

እትዬ ዓለምጸሐይ አመስግነው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉለት። ከዚያ ቁልፉን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«አሜን እስክትሉ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቆያል» አሉ ለልጆቻቸው።

ዎከራቸውን እየገፉ ወደ ነጯ ሄዱ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ እግራቸውን አንድ በአንድ አስገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት። ልጆቻቸው በሁለቱ መኪኖች መካከል ዝናቡ ውስጥ ቀሩ፤ ተያዩ እንጂ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አልተነጋገሩም።